አንድ መርፌ ለአንድ ጉረኖ

ሰኞ

የግድግዳዬ ቀን መቁጠሪያ በጣሪያው ፍሳሽ ርሶ ገጾቹ ተጣብቀዋል። እስኪደርቅ ድረስ ቀኑን ሳልጽፍ በሰኞና በማክሰኞ እገፋለሁ። ዝናቡ ግን የሚያባራ አይመስልም። ወንዙ ሞልቶ የግጦሹን መስክ ውጦታል፤ ውሃው በሸሸበት ሁሉ ደግሞ ቢንቢ ትቶልናል። ዛሬ መሥሪያ ቤቱ ደጅ ቆሜ ሾፌሩን ስጠራ አንዷን ዋጥኳት። «ቁርስ ነው፣ ዶክተር» አለኝ።

ክትባቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ። ከጎርፍ በኋላ ቢንቢ የሚያመጣውን የከብትና የበግ ትኩሳት መከላከያ ነው። ከዝናቡ በፊት ነበር መምጣት የነበረበት፤ ቢሆንም መጣ። መድኃኒቱ በበረዶ ሳጥን ታሽጎ፣ እንደ ሙሽራ ታጅቦ። መርፌው ግን አንዲት ካርቶን ነው። ለአለቃችን፣ «ይህ እንኳን ለወንዙ ዳር በግ ሁሉ፣ ለአንድ ልብስ ሰፊም አይበቃ» አልኩት። አልሳቀም። «እንደምንም አብቃቂው። ውሃው አንቺን አይጠብቅም» አለ።

አብቃቂው ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ መርፌ ለአንድ ጉረኖ። ከበግ ወደ በግ ሲታለፍ አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግ ማድረግ ነው። ትምህርት ቤት እንዲህ አላስተማሩኝም፤ ሥራ ላይ ግን ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው።

ራት ወንድሜ ቤት በላሁ። ቤቱ ማለት ከእኔ ክፍል ግቢውን አቋርጦ ነው። ጋሼ ልኳንዳ አለው፤ አባባ ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝም ያስተማረኝም በዚያች ሱቅ ነው። ስገባ ቢላዎቹን በድስት እየቀቀለ ነበር። አንድ በግ የታረደበት ቢላ ሳይቀቀል ሌላ በግ አይነካም። የአባባ ሕግ ነው፤ «የአንዱን ደም ለሌላው አታቅምሰው» ይል ነበር። እኔም እንደ ልማዴ፣ «ጋሼ፣ የታረደ በግ ደግሞ ምን ይይዘዋል ብለህ ነው?» አልኩት። «በጉን ማን አለሽ? እኔ ለሚበላው ነው» አለ። እትዬ፣ ሚስቱ፣ «ተዋት፣ የተማረ ሰው አይመከርም» ብላ ሳቀች። የቀኝ ቦት ጫማዬ ተቀዶ ውሃ ያስገባል፤ ስራመድ ያፏጫል። ጋሼ ገና ከበሩ ሲሰማኝ፣ «መጣች ያቺ ፉጨታም» ይላል።

ረቡዕ

ዘመቻ ተጀመረ። በችኮላ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ከድልድዩ ወዲህ ያለው የመበለቲቱ ጉረኖ። ሾፌሩ ያዥ፣ እኔ ወጊ። አንዲት እናት በግ አንገቷን ስነካት ታቃጥላለች፣ አፍንጫዋ ይፈሳል። መበለቲቱ «ብርድ ነው እናቴ፣ ጉረኖው እርጥብ ሆኖባት ነው» አለች። አብራ ተከተበች።

ከዚያ ሁለተኛው ጉረኖ። ሁለት መርፌ ስለተጣመመብኝ በዚያው በመጀመሪያው ቀጠልኩ። ሦስተኛውንም ጉረኖ በዚያው ጨረስኩ። ጥጡን ግን ቀይሬዋለሁ።

ሐሙስ

ዛሬም ጉረኖ በጉረኖ። እጄ ዝሏል።

አቶ እምቢኝ እንደ ስማቸው እምቢ አሉ። ስማቸው ይህ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ ግን እንዲህ ነው የሚላቸው። ምክንያታቸው ደግሞ! ከጎረቤታቸው ጋር በውሃ ገንዳ ተጣልተዋል፤ «የሱን በግ አስቀድመሽ ከትበሽ የተረፈሽን ለእኔ? አልፈልግም!» አሉኝ። ብለምን፣ ባስረዳ፣ ወይ ፍንክች። ጉረኖአቸው ደግሞ ከረግረጉ አፍ ላይ ነው። ለሾፌሩ፣ «ተወው፣ መጀመሪያ የሚያለቅሱት እሳቸው ናቸው» አልኩት። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ተናድጄ ነው።

ማክሰኞ

የመበለቲቱ በጎች ጨነገፉ። አንዷ ሁለቷ አይደሉም፤ እርጉዝ የነበሩት ሁሉ ማለት ይቻላል። ትልቁ ልጇ የሞቱትን ግልገሎች በባዶ እጁ ሲያወጣ ደረስኩ። ጓንት ልሰጠው ብዬ ቦርሳዬን ብፈትሽ የለም። «ታጠብ» አልኩት። ታጠበ፣ በጎርፉ ውሃ።

ክትባቱ ነው። ይህ ክትባት አንዳንድ እርጉዝ በግ ሊያስጨነግፍ እንደሚችል ተጽፏል። የሚያሳዝን ነው፣ ግን የሚያልፍ ነው። ለመበለቲቱም እንዲሁ ነገርኳት። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለች።

ደም ቀድቼ ወደ ምርመራ ማዕከል ላክሁ። ለማረጋገጥ ያህል ነው።

ሐሙስ

ሁለተኛው ጉረኖም። ጠዋት ተደውሎልን ሄድን። ስንመለስ ሦስተኛው ጉረኖ ጋ መንገድ ላይ አስቆሙን።

ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ፣ «እኛ እንደሄድንበት ነው የሚመጣው» አለ።

«ክትባቱ ነው አልኩህ እኮ። የከተብነው ነው የሚጨነግፈው።»

«ግልገሉ ነዋ የሚጨነግፈው። ሙክቱስ ለምን ሞተ?»

«ቢንቢ ነው እንግዲህ» አልኩት። ሾፌር ሁሉ ሐኪም ሆነ!

ዓርብ

ሰው በጉን ሳይሞትበት ሊሸጥ ገበያ አውጥቶ እየጣለው ነው። ጋሼ ጠዋት በሬን አንኳኳ። እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ እንደ ልጅ ዐይን ዐይኔን እያየ፣ «በጉ በርካሽ ነው። ሰው ግን ያወራል። አንቺ ሐኪሟ፣ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ።

እኔም «ግዛ» አልኩት። «ክትባቱ ነው ያስጨነገፋቸው። ሥጋቸው ምንም የለበትም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሁለቴ ይጠይቃል። እሱ አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ

ቄራ። ሐኪም አንዲት፣ ሥራ ሁለት፤ ሥጋ የምመረምረውና ማኅተም የምመታውም እኔው ነኝ። ጋሼ ከሦስተኛው ጉረኖ የገዛቸውን አረደ። አንዱ ጉበት መልኩ የተበላሸ፣ ነጠብጣብ የበዛበት ነበር። ቆርጬ ጣልኩት። ሌላውን ማኅተም መታሁበት። ጋሼ ቆዳ ሲገፍ አውራ ጣቱን ቆረጠው፤ መጠጥ አደረገና ተፋው። «ቢላው የተቀቀለ ነው፣ አትፍሪ» ብሎ ጠቀሰኝ።

ደሙን የመጠጠው በሥራ ላይ ሁሌ እንደሚያደርገው ነው።

ሰኞ

ከምርመራ ማዕከሉ መልስ የለም። ስደውል «መንገዱ ተቆርጧል፣ ናሙናው ትናንት ነው የደረሰን» ይሉኛል። እስከዚያ ምን ልበል? ካልታወቀ አልታወቀም።

የአቶ እምቢኝን ጉረኖ አልፌ ሄድኩ። ግልገሎች ይዘላሉ። ሰውየው ከሩቅ አይተውኝ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ ለሰላምታ ይሁን ለፌዝ እንጃ።

ማክሰኞ ማታ

የመበለቲቱ ልጅ ሞተ።

ዛሬ ነው የሰማሁት። ሦስት ቀን አተኮሰው፤ ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው፤ ከዚያ ከድዱና ከአፍንጫው ደም መጣ። ለቅሶ ቤት ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። መበለቲቱ ስታየኝ ተነሥታ አቀፈችኝ። «አንቺም ደክመሽ ነበር ለበጎቼ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። እግዜር ይስጥሽ! ከአጠገቤ ያለችው ሴትዮ ለሌላዋ ስታንሾካሹክ ሰማሁ፦ «መርፌው ከመምጣቱ በፊት እኮ ደህና ነበሩ።» ሌላዋ ቆንጠጥ አደረገቻት።

የአላዋቂ ወሬ ነው። ከመርፌው በፊት አንዲቱ በግ ታማ ነበር። እኔ ራሴ ነክቻታለሁ፤ አንገቷ ያቃጥል ነበር።

ይህን ጽፌ ብዙ ተቀመጥኩ። ጣሪያው አሁንም ያንጠባጥባል። ከሥሩ ሳፋ አድርጌበታለሁ።

ረቡዕ

ጋሼ አተኮሰው።

ሐሙስ

ወባ አይደለም። ሁለቴ አስመረመርኩት። ጀርባዬን፣ መገጣጠሚያዬን ይላል። እትዬ ሾርባ ይዛ ትለምነዋለች፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ዓርብ

ውጤቱ መጣ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ነው። ክትባት ሳይሆን በሽታው ራሱ። ቢንቢ ከበግ በግ ያዛምተዋል፤ ሰው ደግሞ ይበልጡን የሚይዘው ከታመመ እንስሳ ደም ነው፤ ሲያርድ፣ ሲያዋልድ። ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ወጥቶልኝ በሚገባ መልሼዋለሁ።

ገበያው ተዘጋ፣ ቄራው ተዘጋ። የጋሼ ሱቅ በር ላይ ራሴ ወረቀት ለጠፍኩ። ወረቀቱ ተጣሞ ነው የተለጠፈው።

ጋሼን ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። በመንገድ ላይ ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። ድዱን ደጋግሜ ከፍቼ አያለሁ፣ ደም አለ ወይ ብዬ። «ፈረስ ልትገዢ ነው እንዴ፣ ጥርስ የምታዪው?» አለኝ። ሾፌሩ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። አምላኬ፣ እሱን ብቻ አትውሰድብኝ፤ ሌላውን ሁሉ እችላለሁ።

እሁድ

ደም የለም። ትኩሳቱ አለ።

ማክሰኞ

ትኩሳቱ በረደለት! ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ርቦኛል አለ። እትዬ ኮሪደሩ ላይ እልል ልትል ስትል ነርሷ አፏን ያዘቻት። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን። ምንም የሚጻፍ የለኝም፤ ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ቤት ስገባ ሳፋውን ደፋሁ፣ ልብሴን አጠብኩ፣ ቦቴን ግን ማስጠገን ረሳሁ።

ሐሙስ

ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ትሁት። ከእኔ ጋር ጉረኖ ለጉረኖ ዞረች፤ ጓንቷን እየቀያየረች፣ ለኔም እየሰጠች። ሰዉን ስትጠይቅ ቁጭ ብላ ነው። አቶ እምቢኝ ጋም ደረስን። ሰውየው ደረታቸውን ነፍተው፣ «የእኔ በግ መርፌ አያውቅም፤ የማንንም ትርፍ አይቀበልም» አሏት። ምክንያታቸው ያው የውሃ ገንዳው ጠብ ነው፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ረግረጉን አየች፣ ግልገሎቹን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

መኪና ውስጥ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እታለም፤ ሁሉንም ስለምጠይቅ ነው። ያኔ መርፌ በቂ ነበራችሁ?» አለችኝ።

«በቂ ነበር» አልኩ።

«ለእያንዳንዱ በግ?»

«በቂ ነበር አልኩሽ እኮ።»

እሷን ማደሪያዋ አድርሰን ስንመለስ ሾፌሩ ደጄ ላይ ሞተሩን አጠፋ። «ዶክተር፣ እኔ ሾፌር ነኝ። የማውቀው መንገድ ብቻ ነው» አለ። ልወርድ ስል ጨመረበት፤ «መንገዱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ።»

ምን ልለው ነበር? አለቃችን ነው አብቃቂው ያለኝ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው። ደግሞ ቢንቢው ነበር፣ ጎርፉ ነበር፣ ያለ እኔም ይመጣ ነበር። ምናልባት መርፌው ባይሆን ኖሮ አንድ ጉረኖ ብቻ ይመታ ነበር፣ ምናልባት ሁለት። ምናልባት ሦስተኛው ጉረኖ ጋ አይደርስም ነበር። ጋሼ የገዛው ከሦስተኛው ነው።

ጥጡን ቀይሬያለሁ። ጥጡን ቀይሬያለሁ እያልኩ ራሴን ሳባብል ከረምኩ። መርፌው ባዶ ነው እኮ፣ ውስጡ ክፍት ነው። ጥጥ የመርፌን ውስጥ አይጠርግም። ይህን የማያውቅ ሐኪም የለም።

ሰኞ

ጋሼ ቤቱ ገብቷል። ከስቷል፤ ሽርጡ ሁለቴ ይዞርበታል። አምፖሉ ደከመ ብሎ እትዬን ሌላ አስገዛት። አዲሱም ደከመ አላት።

ረቡዕ

አምፖሉ አይደለም።

ጋሼ ጠዋት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ራሱን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል። «ምን ሆነሃል?» ብለው፣ «ትገርሚያለሽ፤ ሳይሽ ፊትሽ የለም። ጆሮሽ አለ፣ ሻሽሽ አለ፣ መሃሉ ግን ጭስ ነው» አለኝና ሳቀ። እጁን አነሣና ፊቴን በጣቱ ፈለገ። አገኘው። እርጥብ ስለነበር እጁን መለሰ።

ዓርብ

የዐይን ሐኪሙ ረጅም ጊዜ አየው። ከኋላ በኩል ተጎድቷል አለ፤ ትኩሳቱ ያደረገው ነው። ይመለሳል ወይ ስለው፣ «ለአንዳንዱ ትንሽ ይመለሳል» አለኝ። አነጋገሩ ሲገባኝ ሌላ አልጠየቅሁም። እኔም ለመበለቲቱ «የሚያልፍ ነው» ያልኳት በዚሁ ድምፅ ነበር።

ስንመለስ ጋሼ ሱቁን እንክፈተው አለ። ከፈትንለት። ውስጡ የታሸገ ሽታ አለው። የቢላዎቹን መስቀያ በመዳሰስ አገኘው፤ አንድ በአንድ እያወረደ ስለቱን በአውራ ጣቱ ጎን ይሞክራል። ያ የቆረጠው ጣት ነው፤ ጠባሳው ይታያል። «ዛጉ። ነገ ቀቅዪልኝ» አለኝ።

ማክሰኞ

አለቃችን ጠራኝ። የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች በእኛ ሥራ ተደስተዋል አለ። ከወንዙ ወዲያ ማዶ ያለው ወረዳ በሽታው ገና አልገባበትም፤ ነገ ወጣት ከታቢዎች ተሰብስበው ዘመቻ ሊጀምሩ ነው፤ ልምድ ያላት አንቺ ነሽና አስተምሪያቸው አለኝ። «መርፌስ?» አልኩት። «ኧረ ምን ነክቶሻል፣ እንደምንም ታብቃቂያለሽ፤ ያንቺ ሙያ አይደል?» አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ።

ማክሰኞ ማታ

ጋሼ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዝናቡ አባርቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አውቄ አይደለም የሄድኩት፤ እግሬ ነው የወሰደኝ።

ስለ ሱቁ አወራን፣ ስለ ጣሪያው፣ ምን የማይረባ ነገር ሁሉ። ከዚያ እንዲሁ በጨዋታ፣ «እኔ የምለው፣ ያ አቶ እምቢኝ ምን ቢያደርግ ነው በጎቹ የተረፉት? ረግረግ አፍ ላይ እኮ ነው ያለው» አለ።

«አልከተብኳቸውም» አልኩ።

«እና?»

«ሌሎቹን ግን ከተብኳቸው።»

ራሱን ወደ እኔ አዞረ፤ ፊቴን ፈልጎ ሲያጣው ጆሮውን ሰጠኝ። ያኔ ነገርኩት። ስለ ትኩሳታሟ በግ። ስለተጣመሙት መርፌዎች፣ ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው ጉረኖ። ስለ ጉበቱ። «ግዛ» ስላልኩት። አላቋረጠኝም። አንዴ ብቻ እጁ ጉልበቱ ላይ ሲጨብጥ አየሁ፣ ከዚያ ተፈታ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ፣ ሁሉንም ተዘጋጅቼበት ነበር።

እትዬ ከጓዳ፣ «ራት ይቅረብ?» አለች።

ጋሼ ድምፁን ሳያነሣ፣ «አባባ ለካ ለእኔ ብቻ ነበር የነገረኝ» አለ።

ከዚያ ግድግዳውን እየዳሰሰ ተነሥቶ ገባ። ልይዘው እጄን ዘረጋሁ። አላየውም፤ ወይም አይቶታል። ጠርዝ ጠርዙን ያያል።

ረቡዕ

ስብሰባው ላይ ሁሉንም ተናገርኩ። ከታቢዎቹ ደብተራቸውን ከፍተው ጠብቀውኝ ነበር፤ አንዱ «ትንሽ ቀስ ይበሉልን፣ እንድንጽፈው» አለኝ። ቀስ አልኩላቸው። አለቃችን ሳልጨርስ ትቶ ወጣ። ባለሙያዋ ስልኳን ይዛ በረንዳ ላይ ስትጮህ ይሰማን ነበር፤ መርፌ ካልመጣ አንድም መኪና ድልድዩን አይሻገርም ስትል። ሾፌሩ የአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ነበር። ስወጣ የመኪናውን በር ከፈተልኝ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። የመበለቲቱን ቤት በመስኮት አየሁት። ነገ እዚያ ነው መሄድ ያለብኝ። የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ አስረክቤአለሁና በእግር ነው።

ሲመሽ ግቢ ገባሁ። ጭቃው አልደረቀም፤ ቦቴ እንደ ወትሮው ያፏጫል። ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ጆሮውን ወደ በሩ አዙሯል። እስክደርስ ድረስ ፉጨቱን ያዳምጥ ነበር።

«ማን ነው?» አለ።

ቆምኩ። እትዬ ከውስጥ ወጥታ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልኩ።